ጡት ጠቢው ሕፃን ጡጦ አልይዝም ሲል

የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 ያጸደቀው የእናትነት ጥበቃ ስምምነት ቁጥር 183፣ የወለደች ሠራተኛ ቢያንስ የ14 ሳምንት ፈቃድ እንድታገኝ ይጠይቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ሕፃን 6 ወር እስኪሞላው ከእናት ጡት ወተት ሌላ ምንም ነገር፣ ውኃም ቢሆን፣ እንዳይሰጠው ይመክራል። ሁለቱን ጎን ለጎን ላስቀመጠ ሰው 12 ሳምንት ያህል ሳይሸፈን ይቀራል። ከፈቃዱ ከፊሉ ከወሊድ በፊት ከተወሰደ ክፍተቱ ይሰፋል። ብዙ ቤተሰብ ይህን ጊዜ ሊያልፈው የሚያስበው የታለበ የእናት ወተት በጡጦ በመስጠት ነው። ሥራ ሊጀመር ጥቂት ቀን ሲቀረው ጡጦው ይቀቀላል፣ ወተቱ ይሞቃል፣ ሕፃኑ ይታቀፋል። እሱ ግን ጎማውን በምላሱ ገፍቶ ያስወጣል፣ ፊቱን ያዞራል፣ ጀርባውን ለጥጦ እሪ ይላል።

ቤት ውስጥ ወዲያው የሚሰማው ፍርድ «ልጁ እልኸኛ ነው» የሚል ነው። ቀጥሎ ተራው የእናቲቱ ይሆናል፤ «በጡት አሞላቀቅሽው» ትባላለች። ፍርዱ ለሁለቱም አይገባቸውም። ሕፃኑ ጡጦ የሚገፋበት ምክንያት ከአፉ አሠራርና ከዕድሜው ይመነጫል። ነገሩን ያከበደው ደግሞ የእናቶች ፈቃድ የሚያልቅበት ወቅት፣ ጡጦ ለማስጀመር ከሁሉ ከማይመቸው ዕድሜ ጋር መግጠሙ ነው።

3 ወር ላይ ምን ይለወጣል?

አዲስ የተወለደ ሕፃን አስቦ አይጠባም። ላንቃውን የነካ ነገር ሁሉ፣ የጡት ጫፍ ይሁን ጣት ወይም ጎማ፣ መጥባትን ይቀሰቅስበታል። ይህ ደመ ነፍሳዊ ምላሽ በ3 እና በ4 ወር መካከል እየደበዘዘ ይሄድና መጥባት በፈቃዱ የሚያደርገው ነገር ይሆናል። ከዚያ በኋላ አፉ የገባውን ይመረምራል፤ የማያውቀው ከሆነ ያላምጠዋል፣ ይጫወትበታል ወይም ይተፋዋል። የ3 ሳምንት ጨቅላ ጡጦ ሲቀበል «ለመደ» ለማለት ይከብዳል፤ ምርጫ አልነበረውም። የ14 ሳምንቱ ምርጫ አለው። በቀን 8 ጊዜ ቢጠባ እንኳ እስከዚያ ቀን 784 ጊዜ ጡት ይዟል፤ ጡጦ ያየው ግን ዛሬ ነው።

በዚያ ላይ ጡትና ጡጦ ለአፍ አንድ አይደሉም። ጡት ላይ ሕፃኑ አፉን በሰፊው ከፍቶ ከጫፉ በተጨማሪ በዙሪያው ካለው ጠቆር ያለ ቆዳም ብዙውን ይጎርሳል። ጡቱ አፉ ውስጥ ይለጠጥና ጫፉ ጠንካራው ላንቃ አልቆ ለስላሳው ወደሚጀምርበት ስፍራ ይጠጋል። ምላሱ ዝቅ ሲል አፉ ውስጥ የሚፈጠረው የመሳብ ኃይል ወተቱን ያመጣዋል። መጀመሪያ ላይ የሚመጣው ጥቂት ነው፤ ሕፃኑ በሴኮንድ ሁለት ጊዜ ያህል ፈጠን ፈጠን እያለ ይስባል። ጥቂት ቆይቶ ወተቱ ሲወርድ አሳሳቡ ወደ ሴኮንድ አንድ ጊዜ ይዘገያል፣ ጥልቅ ይሆናል፣ መዋጥም ይከተለዋል። ከዚያ ፍሰቱ ይቀንሳል፣ ሕፃኑ ያርፋል፣ ወተቱ እንደገና ይወርዳል። እንደ ማዕበል የሚመጣና የሚመለስ ነገር ነው።

የጡጦ ጎማ እንደ ጡት አይለጠጥም፣ የእናት ጠረንም የለውም። ወተቱ ግን አፉ ሳይዘጋጅ ይደርሳል፤ ጡጦው ዘቅዘቅ ተደርጎ ከተያዘ ሕፃኑ ባይስብም ይንጠባጠባል። ያልጠበቀው ወተት ወደ ጉሮሮው ሲመጣ ሕፃኑ ያለው መከላከያ ምላሱን ከፍ አድርጎ ጎማውን መግፋት ነው። ከውጭ እምቢታ የሚመስለው ብዙ ጊዜ ትን እንዳይለው የሚያደርገው ጥንቃቄ ነው። ይህን የተረዳ ሰው ከዚህ በታች ያለውን ግማሹን ራሱ ይደርስበታል፤ ፍሰቱን መቀነስ፣ ጎማውን ከወተቱ በፊት ማስተዋወቅ፣ መጎተቱን ለሕፃኑ መተው።

መቼ ይጀመር?

ጡት ማጥባቱ ሳይደላደል ጡጦ ማምጣትም ዋጋ ያስከፍላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የወተቱን መጠን የሚወስነው ጡቱ በቀን ስንት ጊዜና ምን ያህል እንደተጠባ ነው፤ በጡጦ የተተካ እያንዳንዱ ጊዜ፣ እናቲቱ ካላለበች፣ የወተቱን ምርት ይቀንሳል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ጡት ማጥባት እንዲሳካ እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጧቸው አሥር እርምጃዎች ጡት ለሚጠባ ሕፃን ጡጦም ሆነ ማባበያ ጎማ በጭራሽ እንዳይሰጥ ያዝዙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ሲሻሻሉ ይህ ክልከላ፣ እናቶችን ስለ ጡጦና ስለ ማባበያ አጠቃቀምና ጉዳት ማማከር በሚል ተተክቷል። ማሻሻያው ተገቢ ነው፤ ሥራ ለምትመለስ እናት «በጭራሽ» የሚለው ቃል መመሪያ አይሆንም።

በተግባር የሚመቸው ጊዜ ከ3ኛው ወይም ከ4ኛው ሳምንት በኋላ፣ 6ኛው ወይም 8ኛው ሳምንት ሳያልፍ ነው። ከዚያ በፊት መሟላት ያለበት፦ ሕፃኑ ክብደት እየጨመረ ነው፣ በ24 ሰዓት 6 እና ከዚያ በላይ ዳይፐር በሽንት ያርሳል፣ ጡት ሲይዝ እናቲቱን አያማትም። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ ቅድሚያ የሚሰጠው ለጡቱ ነው።

እዚህ ላይ በጣም የተለመደ ስህተት አለ። በ5ኛው ሳምንት አንድ ጡጦ ይሞከራል፣ ሕፃኑ ጭልጥ ያደርገዋል፣ ሁሉም እፎይ ይላል፣ ጡጦው ወደ መደርደሪያ ይመለሳል። ከሁለት ወር በኋላ ሲወጣ ሕፃኑ ፈጽሞ አያውቀውም። ጡጦ የያዘ ሕፃን እንዳይረሳው በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ከ30 እስከ 60 ሚሊ ሊትር መስጠት ይበቃል።

ይህ ጊዜ ያለፈበት ቤተሰብ በሩ አልተዘጋበትም። ሥራ ከመጀመሩ ቢያንስ ከ3 እስከ 4 ሳምንት አስቀድሞ ይጀምር፤ አንድ ሳምንት ሲቀር መጀመር ሕፃኑንም አዋቂውንም ያስጨንቃል።

ጎማውን መምረጥ

ጡጦው ፕላስቲክ ይሁን ብርጭቆ ለሕፃኑ ለውጥ የለውም። የሚለውጠው ጎማው ነው፤ እሱም በሁለት ነገር፣ በፍሰቱና በቅርጹ።

ስለ ፍሰት፦ ጡት ለሚጠባ ሕፃን በዝግተኛው ይጀመራል፤ ብዙ ጊዜም ከዝግተኛው ማለፍ አያስፈልግም። ችግሩ በጎማው ላይ የተጻፈው ቁጥር ብዙ አያስተማምንም። «ደረጃ 1» ወይም «ዝግተኛ» የሚለውን ቃል አምራቾች ሁሉ የሚገዙበት አንድ መለኪያ ስለሌለ፣ የአንዱ ዝግተኛ ከሌላው መካከለኛ ሊፈጥን ይችላል። ጡጦውን በወተት ሞልቶ መገልበጥና ማየት ይሻላል። በጥቂቱ እየተቆራረጠ የሚንጠባጠብ ለመጀመሪያ ይሆናል፤ እንደ ክር የሚወርድ አይሆንም። ቀዳዳውን በመርፌ ወይም በምላጭ ማስፋት አደገኛ ነው፤ ወተቱ በድንገት ጉሮሮውን ይሞላዋል፣ የተቀደደ ጎማም ተቆርጦ አፉ ውስጥ ሊቀር ይችላል።

ስለ ቅርጽ፦ ከጫፉ ወደ ሥሩ ቀስ በቀስ እየሰፋ የሚሄድ ጎማ ይመረጣል። ሕፃኑ አፉን ከፍቶ ከንፈሮቹን በዚያ ተዳፋት ላይ ሲዘረጋ አያያዙ ከጡት ጋር ይቀራረባል። «እንደ እናት ጡት» ተብለው ከሚሸጡት ብዙዎቹ ግርጌያቸው ጠፍጣፋና ሰፊ ሆኖ ከመሃሉ አጭር ጫፍ ብቅ ያለ ነው። እነዚህ ለዓይን ጡት ይመስላሉ፤ ሕፃኑ ግን ጫፏን ብቻ በከንፈሩ ቆንጥጦ ይይዛል፣ ከንፈሩ አይገጥምም፣ ወተቱም በአፉ ጥግ ይፈሳል። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የእናት ጡት ወተት ተተኪ ምርቶች ግብይት ዓለም አቀፍ ደንብ ጡጦና ጎማንም እንደሚያካትትና ለሕዝብ እንዳይተዋወቁ እንደሚል ብዙ ገዢ አያውቅም። ስለዚህ በካርቶኑ ላይ ያለውን ሥዕል ሳይሆን የሕፃኑን ከንፈር ይመልከቱ።

አሥር ዓይነት ጡጦ መግዛት አያስፈልግም። ሁለት ዓይነት ጎማ ለሙከራ ይበቃል። አንዱን ቢያንስ ለ3 ወይም ለ4 ቀን ሳይሞክሩ ወደ ሌላው መዝለል፣ በአንድ ቀን ሦስት ጎማ ማፈራረቅ ይልቁንም፣ ሕፃኑ ምንም እንዳይለምድ ያደርጋል። ሲጠባ ጎማው የሚጨፈለቅ ከሆነ አየር አልገባም ማለት ነው፤ የአንገቱ ክዳን ከልክ በላይ ጠብቆ ይሆናልና ትንሽ ያላሉት፣ የአየር ቀዳዳውም እንዳልተደፈነ ይዩ።

እምቢ ያለው ጡጦውን ነው ወይስ ወተቱን?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው፤ መልሱ ግን የሳምንታት ልፋት ያድናል። አሁን የታለበ ትኩስ ወተት በማንኪያ ያቅምሱት። ከተቀበለ ወተቱ ደህና ነው። ቀጥሎ ከፍሪጅ ወይም ከፍሪዘር ወጥቶ የሞቀውን እንዲሁ በማንኪያ ይስጡት። ትኩሱን ውጦ የተቀመጠውን ከተፋ፣ ጎማ ቢለዋወጥ ዋጋ የለውም፤ ችግሩ ጣዕሙ ነው።

የእናት ወተት ስብን የሚሰባብር ላይፔዝ የሚባል ኢንዛይም አለው። በአንዳንድ እናቶች ወተት ውስጥ ሥራው ስለሚበረታ ወተቱ ሲቀመጥ የሳሙና ወይም የብረት ጣዕም ያመጣል። ፍሪዘር ውስጥም ሥራውን አያቆምም። ወተቱ አልተበላሸም፣ አይጎዳም፤ አንዳንዱ ሕፃን ግድ የለውም፣ አንዳንዱ ግን አይነካውም። ለማወቅ ትኩሱን፣ 24 ሰዓት ፍሪጅ የቆየውንና አምስት ቀን ያህል ፍሪዘር የቆየውን መቅመስ ይበቃል። ብዙ ወተት አከማችቶ ከማስተዋል አስቀድሞ ይህን መፈተን ይሻላል፤ አንዴ ጣዕሙ የተለወጠ ወተት አይመለስምና። ለወደፊቱ ግን መከላከያ አለ፦ ወተቱ እንደታለበ በድስት ጠርዝ ላይ ጥቃቅን አረፋ እስኪያሳይ፣ ወደ 82 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ፣ ማሞቅ፣ ሳይፈላ ማውረድ፣ ዕቃውን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነክሮ በፍጥነት ማብረድና ማስቀመጥ። ሙቀቱ በሽታ ከሚከላከሉት የወተቱ ክፍሎች የተወሰነውን ስለሚያጠፋ፣ ይህን ማድረግ የሚገባው ሕፃኑ በእርግጥ እምቢ ካለ ብቻ ነው። ቀድሞ የተከማቸውን ከትኩስ ወተት ጋር ግማሽ በግማሽ ቀላቅሎ መሞከርም ያዋጣል።

የማስቀመጫው ልክ ይህ ነው። እስከ 25 ዲግሪ በሚደርስ ክፍል ውስጥ 4 ሰዓት፣ በ4 ዲግሪ ፍሪጅ 4 ቀን፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሆነ ፍሪዘር ቢሻል እስከ 6 ወር። ከፍሪዘር ወጥቶ ፍሪጅ ውስጥ የሟሟ በ24 ሰዓት ውስጥ ያልቃል፤ ተመልሶ ፍሪዘር አይገባም። ሕፃኑ ጠጥቶ ያስተረፈው ከ2 ሰዓት በኋላ ይደፋል። ለዚህ ነው በልምምድ ጊዜ ጡጦ ውስጥ 30 ሚሊ ሊትር ብቻ የሚጨመረው፤ ታልቦ የተደፋ ወተት እናትን ያስለቅሳል። ወተቱን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ አስቀምጠው ወደ ሰውነት ሙቀት፣ 37 ዲግሪ ገደማ፣ ያምጡት። ማይክሮዌቭ አንዱን ስፍራ አቃጥሎ ሌላውን ቀዝቃዛ ስለሚያደርግ አፍ ያቃጥላል። ጎማውንም በለብታ ውኃ ማሞቅ አይርሱ፤ ከወተቱ በፊት አፉን የሚነካው እሱ ነው። ድዱ የሚያሳክከው ሕፃን ግን ቀዝቀዝ ያለ ጎማ ሊመርጥ ይችላል።

ማስለመዱ

በቀን አንድ ወይም ሁለት ሙከራ፣ እያንዳንዱ ከ10 ደቂቃ ያልበለጠ። ጊዜው ሕፃኑ በጣም ያልተራበበት፣ ከጠባ አንድ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ያለፈበት ቢሆን ጥሩ ነው። የተራበ ሕፃን አዲስ ነገር አይማርም፤ የሚያውቀውን ይፈልጋል፣ ባላገኘም ቁጥር ይናደዳል። ከእንቅልፍ ሲባንን፣ ዓይኑ ገና ሳይገለጥ የሚቀበሉም አሉ።

ሰጪው ከእናቲቱ ሌላ ሰው ቢሆን ይመረጣል፤ በተለይም ወደፊት የሚመግበው ሰው። እናቲቱ ክፍሉን ብቻ ሳይሆን ቤቱን ለቃ ብትወጣ ጥሩ ነው፤ ድምፅዋንና ጠረኗን ሕፃኑ ከሩቅ ይለያል። ይሁን እንጂ ይህ ሕግ አይደለም። ከማንም የማይቀበል ሕፃን ከእናቱ እጅ የሚቀበልበት ጊዜ አለ። እናቲቱ የለበሰችውን ልብስ አጠገቡ ማድረግም እንዲሁ ነው፤ አንዱን ያረጋጋል፣ ሌላውን ይበልጥ ጡት እንዲፈልግ ያደርገዋል።

ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ጡጦ አያስፈልግም። ጎማውን ነቅለው ባዶውን ይስጡት፤ ያላምጠው፣ ይግፋው፣ ይጫወትበት። ከዚያ ጥፍሩ የተቆረጠ ንጹሕ ጣት፣ ሥጋው ወደ ላይ ሆኖ፣ አፉ ውስጥ ያስገቡ፤ ላንቃውን በቀስታ ሲነኩት መጥባት ከጀመረ ጣቱን አውጥተው ጎማውን ይተኩ። መጥባቱ ሲደገም ጎማው ውስጥ ጥቂት ጠብታ ወተት ይጨምሩ። ጡጦው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፣ 30 ሚሊ ሊትር ይዞ።

ጎማውን አፉ ውስጥ አይክተቱበት። በላይኛው ከንፈሩ ላይ በቀስታ ያሳርፉና አፉን በሰፊው እስኪከፍት ይጠብቁ፤ ሲከፍት ራሱ ይጎትተው። አቀማመጡ ቀና ያለ ይሁን፤ ጭንቅላቱና አንገቱ በክንድ ተደግፈው። እንደ ጡት አስተኝቶ ማቀፍ አንዳንዱን ሕፃን ያሳስተዋል፤ ጡት እየጠበቀ ጎማ ሲመጣለት ይቆጣል። እንዲህ ያለውን ጀርባውን በሰጪው ደረት ላይ አስደግፎ ፊቱን ወደ ውጭ ማዞር፣ ቀስ ብሎ እየተራመዱ ወይም እየተወዛወዙ መስጠት ይረዳል። ሌላው ዘዴ በተቃራኒው ይሠራል። እናቲቱ ታጠባዋለች፤ የመጀመሪያው ረሃብ ከታገሠና አጠባቡ ከዘገየ በኋላ ጡጦውን ከጡቷ አጠገብ አድርጋ በዝግታ ትለውጥለታለች።

ካለቀሰ ሙከራው አበቃ። ያረጋጉት፣ ያናግሩት፣ አምስት አሥር ደቂቃ ይቆዩ፣ ከዚያ ይጥባ። ጎማውን እያለቀሰ ማስገባት አንድ ትምህርት ብቻ ይሰጠዋል፤ ጡጦ መጥፎ ነገር ነው የሚል። እዚህ ደረጃ የደረሰ ሕፃን ገና ጡጦውን ሲያይ ይጮኻል፤ ያኔ ጡጦውን ለጥቂት ቀን ከዓይኑ አጥፍቶ ከባዶው ጎማ እንደገና መጀመር ይሻላል። «ይራብ፣ ሲርበው ይጠጣል» የሚለው ምክር ከቤት ወደ ቤት የሚዞር ነው፤ ለትንሽ ሕፃን አይሠራም፣ ጉዳትም አለው። እድገቱን የሚለኩት በሚሊ ሊትር አይሁን። ትናንት የገፋው ጎማ ዛሬ ሦስት ሴኮንድ አፉ ውስጥ ከቆየ ለውጥ አለ። ለአንዳንዱ ቀናት፣ ለሌላው ሳምንታት ይፈጃል።

አንዳንድ የቤት ዘዴዎች ግን መሞከር የለባቸውም። ጎማ ላይ ማር መቀባት ከ12 ወር በታች ላለ ሕፃን ክልክል ነው፤ ማር ቦቱሊዝም የሚባለውን ጡንቻ የሚያዝል ከባድ መመረዝ የሚያመጣ ባክቴሪያ ዘር ሊይዝ ይችላል። ስኳርም ይቅር። «ጡጦውን እንዲለምድ» ተብሎ ውኃ መስጠት ከ6 ወር በታች የወተቱን ቦታ ይይዛል፣ ሲበዛም የደሙን ጨው ያሳንሳል። ወተት ውስጥ የእህል ዱቄት መበጥበጥም ለትንታ ይዳርጋል።

አሰጣጡ በልኩ ሲሆን

መያዝ ከጀመረ በኋላ ፍጥነቱን የሚወስነው የጡጦው አያያዝ ነው። ጡጦውን ከወለሉ ጋር ትይዩ አድርገው ይያዙት፤ ወተቱ የጎማውን ግማሽ ያህል ይሙላ እንጂ ከላይ አይጫነው። በ20 ወይም በ30 ሴኮንድ አንድ ጊዜ፣ ጎማውን ሳያወጡ፣ የጡጦውን ሥር ዝቅ በማድረግ ወተቱን ያስመልሱና ሕፃኑ ይተንፍስ። እንደገና መሳብ ሲጀምር ይመልሱለት። ግማሹ ላይ ያስገሱትና ክንድ ይቀይሩ፤ ጡት ላይም ጎን ይቀያየራልና። አንድ አመጋገብ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቢወስድ ደህና ነው። በ5 ደቂቃ ያለቀ ጡጦ የሚያስመሰግን አይደለም፤ ሆዱ መጥገቡን ሳይነግረው ወተቱ አልቋል፣ ለተመሳሳይ መጠን ጡት ላይ መልፋትም በኋላ ሊያሰለቸው ይችላል።

ፍሰቱ ሲበዛበት ምልክቱ ከአፉ በፊት በፊቱና በእጁ ይታያል። ቅንድቡ ይነሣል፣ ዓይኑ ይፈጣል፣ ጣቶቹ ይበተናሉ፣ ከዚያ ወተቱ በአፉ ጥግ ይፈሳል፣ ያስለዋል። በተቃራኒው አሥር ጊዜ ስቦ አንድ ጊዜ የሚውጥ፣ የሚነጫነጭ ወይም ደክሞት የሚያንቀላፋ ሕፃን ጎማው ዘግይቶበት ሊሆን ይችላል።

መጠኑን በተመለከተ ብዙ ተንከባካቢ የሚሳሳተው የዱቄት ወተት ሰንጠረዥ እያየ ነው። ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን ከ1 ወር እስከ 6 ወር በ24 ሰዓት በአማካይ 750 ሚሊ ሊትር ገደማ ይጠጣል፤ መጠኑም በነዚያ ወራት ብዙ አይጨምርም። ይህ በሰዓት 31 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። እናቲቱ 9 ሰዓት ከቤት የምትርቅ ከሆነ ከ280 እስከ 300 ሚሊ ሊትር፣ ከ60 እስከ 90 እየተደረገ፣ ለአብዛኛው ይበቃል፤ ለመጠባበቂያ አንድ 60 ሚሊ ሊትር ማስቀመጥ ጥሩ ነው። ሕፃኑ ፊቱን ካዞረ የቀረውን «ጨርስ» አይበሉት። እናቲቱ በበኩሏ ሕፃኑ ጡጦ በሚወስድበት ሰዓት ገደማ ካላለበች ጡቷ ይወጠራል፣ ወተቱም በቀናት ውስጥ መቀነስ ይጀምራል።

ዕቃው ከእያንዳንዱ አገልግሎት በኋላ ተፈታትቶ በሳሙናና በሙቅ ውኃ ይታጠባል። ከ2 ወር በታች ለሆነ፣ ያለ ጊዜው ለተወለደ ወይም የመከላከል አቅሙ ለደከመ ሕፃን በቀን አንድ ጊዜ ለ5 ደቂቃ ይቀቀላል። በጡጦው የሚሰጠው የዱቄት ወተት ከሆነ ዱቄቱ ራሱ ከጀርም የጸዳ ስላልሆነ ከ70 ዲግሪ ባላነሰ ውኃ ተበጥብጦ ይቀዘቅዛል።

ጡጦ ግዴታ አይደለም

ከሁሉ ይልቅ የሚረሳው ይህ ነው። ጡጦ አልይዝም ያለ ሕፃን ወተት በኩባያ ሊጠጣ ይችላል፣ በማንኛውም ዕድሜ። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ሳይቀሩ በትንሽ ኩባያ ይመገባሉ፤ ክፍት ኩባያ ጥጋጥግ ስለሌለው ከጡጦ ይልቅ ለማጽዳት ይቀላል። ሕፃኑን ቀና አድርገው እቅፍ ያድርጉት፣ እጆቹን በጨርቅ ሸብ ያድርጉ። ኩባያውን በታችኛው ከንፈሩ ላይ ሳይጫኑ ያሳርፉና ወተቱ ከንፈሩን እስኪነካ ብቻ ያዘንብሉት። እዚያው ያቆዩት፤ ትንሹ በምላሱ ይልሳል፣ ከፍ ያለው ይጎነጫል። አፉ ውስጥ ማንቆርቆር ትን ያስብለዋል። መጀመሪያ ላይ የተወሰነው አገጩ ላይ ይፈሳል፤ የፈሰሰውን ሲያሰሉ ጨርቁን ይቁጠሩበት እንጂ ጠጣ አይበሉ። ጡጦ ለማስለመድ ወር ሙሉ ከመታገል ኩባያን አንድ ሳምንት መሞከር የተሻለ ነው።

ቀን ጥቂት ወስዶ እናቱ ስትመለስ ማታና ሌሊት ደጋግሞ በመጥባት የሚያካክስ ሕፃንም አለ። የእናትን እንቅልፍ ይወስዳል፤ ሆኖም ዳይፐሩ በ24 ሰዓት 6 ጊዜ ከራሰና ክብደቱ ከጨመረ በቂ እያገኘ ነው። ሽንቱ ከጠቆረ ወይም ለ8 ሰዓት ካልሸና፣ እርግብግቢቱ ከጎደጎደ፣ ከደከመና ለመቀስቀስ ካስቸገረ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ይወሰድ። ጡትንም ጡጦንም በአንድ ላይ እምቢ ያለ ሕፃን የልማድ ጉዳይ አይደለም፤ የአፍ ውስጥ ነጭ ፈንገስ፣ የጆሮ ሕመም፣ የአፍንጫ መዘጋት፣ የምላስ ጅማት ማጠር ወይም ወተት ወደ ላይ መመለስ ሊሆን ይችላል። በበላ ቁጥር የሚያስለውንም እንዲሁ ያስመርምሩ። ሲመገብ ከንፈሩ የሚጠቁር ከሆነ ድንገተኛ ነው።

6 ወር የሞላው ሕፃን ከሆነ ነገሩ ይቀላል። ተጨማሪ ምግብ ጀምሯል፣ ተደግፎ ይቀመጣል፣ ክፍት ኩባያ ወይም ባለ ቀሰም ኩባያ መልመድ ይችላል። ቀሰሙን ለማስተማር ጫፉን በጣት ደፍነው በውስጡ የቀረውን ጥቂት ወተት አፉ ላይ ይልቀቁ፤ ከንፈሩን ሲገጥምበት ወደ ኩባያው ይመልሱትና ራሱ ይሳብ። በዚህ ዕድሜ ጡጦ ማስጀመር፣ ብዙም ሳይቆዩ ለማስጣል እንደገና መልፋት ይሆናል።